የአየር መርከቧ ሸራ ሰፊ

ስፒትስበርገን፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1925

ለውድ አክስቴ ለኦሉፊኔ፤

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጉልበትዎ ቀልሎልዎት፣ ምድጃዎም ሞቆ እንዲያገኝዎት እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደርሻለሁ። ከሀመርፌስት በወጣን በአምስተኛው ቀን ነው የገባነው። ሦስቱን ቀን ሲያስመልሰኝ ነበር፤ ይህን ግን ለአባባ እንዳይነግሯቸው። የሸራ ሰፊ ልጅ ባሕር አመማት ሲባል ቢሰሙ ከቤት አይወጡም።

እንደሚያውቁት ጥሪው የመጣው ለእሳቸው ነበር። የዚህ ጉዞ መሪ ካፒቴን ሞልቤርግ «ሸራ ሰፊው ሂልማር ሮኔስ ይምጣልን» ብሎ ሲጽፍ አባባ ወረቀቱን ምድጃው ጫፍ ላይ ጥለውት ወጡ። እኔ አነሳሁትና «ሸራ ሰፊው ይመጣል» ብዬ መለስኩለት። ውሸት አልጻፍኩም፤ ማን እንደሚመጣ ብቻ ነው ያልጻፍኩት። አባባ ሊሸኙኝ ወደብ ያልወጡትም በዚሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

ከመርከብ ስወርድ ካፒቴኑ ራሱ ቆሞ ይጠብቃል። ረጅም፣ ቀጭን፣ አፍንጫው ከፊቱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው።

«ሸራ ሰፊው የታለ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ሂልማር ሮኔስ አንቺ ነሽ?»

«ልጁ ነኝ። እጁ ግን ይኸው» ብዬ መዳፌን ዘረጋሁለት። የመርፌውን ጠባሳ ሁሉ አየ። ከዚያ ዞር ብሎ መርከቡ መልህቅ እስኪያነሳ ስንት ሰዓት እንደቀረው ሲያሰላ አየሁት። «እስከ ነገ ጠዋት ልሞክርሽ» አለና አንድ ሙሉ ጥቅል ሸራ አሸከመኝ። ጠዋት መርከቡ ያለ እኔ ሄደ።

ሥራው ይህ ነው፦ በጸደይ ከጣልያን አገር አንዲት የአየር መርከብ ትመጣለች። በጋዝ የተነፋች፣ በሞተር የምትሄድ፣ ከሆዷ ሥር ሰው የሚሳፈርባት ትልቅ ፊኛ ናት፤ ስሟም በባሕር ወፏ ስም ቴርና ነው። ለእሷ ማደሪያ ከቤተ ክርስቲያናችን የደወል ማማ የሚበልጥ የእንጨት ቤት እየቆመ ነው፤ ሃንጋር ይሉታል። ግድግዳው በሙሉ ሸራ ነው፤ ሸራው በሙሉ የእኔ ነው። በጁን ወር ካፒቴኑ በቴርና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይበራል፤ ካርታው ላይ ባዶ ወደሆነው ስፍራ፣ መሬት ይኖር እንደሆነ ለማየት። የሚያልፈው በየትኛው በረዶ ላይ እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል። ለአባባ አይንገሯቸው።

የሚቻል ከሆነ ሰምና ባለ ሦስት ማዕዘን መርፌ ይላኩልኝ። ከአባባም አንዲት መስመር፣ በእጃቸው የተጻፈች። ቁጣም ብትሆን።

የወንድምዎ ልጅ ዳግኒ

* * *

ሀመርፌስት፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1925

ለልጄ ለዳግኒ፤

ፈጣሪ ከብርድም ከክፉ ዓይንም ይሰውርሽ። ጉልበቴን የጠየቅሽው እንደ ድሮው ነው፤ ደረጃ ስወጣ ይሳደባል፣ ስወርድ ይራገማል። አባትሽ ደህና ነው።

የቄሱ ሚስት ትናንት ዓሣ መሸጫው ላይ ያዘችኝና «ዳግኒ አርባ ወንድ መሃል ብቻዋን እንዴት ታድራለች?» አለችኝ። «በሯን ዘግታ» አልኳት። «ቢያንኳኩስ?» አለች። «መርፌዋ እንደ ጣት ይረዝማል» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ አጥሯል፤ እኔም አልጎዳኝም።

ደብዳቤሽን ለአባትሽ አነበብኩለት። ባሕር አመመኝ ያልሽውን ዘልዬዋለሁ። ወዴት እንደሚበሩ የጻፍሽውንም ዘልዬዋለሁ፤ ግን ጋዜጣ አለ፣ ጎረቤትም አፍ አለው።  ስጨርስ ተነስቶ የትምባሆ ፒፓውን ፈለገ፤ ፒፓው እጁ ሥር ነበር።

ሰሙን ከየት አመጣሽው እንዳትዪኝ። ጠዋት ስነሳ የስፌት ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ በወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ መርፌውም አብሮ፣ እንዳይዝግ በዘይት ታሽቶ። እኔ አልጠቀለልኩትም። እዚህ ቤት የምንኖረው ደግሞ ሁለት ሰዎች ነን።

መስመር ይጻፉልኝ ያልሽውን ነገርኩት። «እጄን አሞኛል» አለ። የትኛውን እጅ ብዬ አልጠየቅኩም።

ይህ ከክረምት በፊት የመጨረሻው መርከብ ነው ይላሉ። እንግዲህ እስከ ሜይ ድረስ ጸሎቴን እንጂ ደብዳቤዬን አትጠብቂ። ካልሲዎቹ ከእኔ ናቸው። አባትሽ ደህና ነው።

አክስትሽ ኦሉፊኔ

* * *

ስፒትስበርገን፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1926

ለውድ አክስቴ፤

መቼ እንደሚደርስዎ ባላውቅም ዛሬ መጻፍ አለብኝ፤ ፀሐይ ተመለሰችና። ከአራት ወር ጨለማ በኋላ ከተራራው ጫፍ ላይ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ታየችና ወዲያው ገባች። አርባው ወንድ በረዶ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ወረወረ። ወጥ ቤቱ ሰውዬ አለቀሰ፤ ጢስ ነው አለ፤ ጢስ ግን አልነበረም።

እግዚአብሔር ጤናዎን እንደጠበቀልኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ደህና ነው ብለው ሁለቴ የጻፉልኝን አባባንም። ሁለቴ መሆኑን ቆጥሬያለሁ።

በጃንዋሪ ነፋስ የሃንጋሩን ምዕራብ ግድግዳ ቀደደው። ስንጥቁ ከላይ ጀምሮ እየወረደ ነበር፤ መሬት ቢደርስ ኖሮ ግድግዳውም ምሰሶውም፣ የክረምቱ ሥራ ሁሉ ባሕር ይገባ ነበር። አናጢዎቹ «ነፋሱ ይውሰደው፣ ነፍሳችንን እናትርፍ» አሉ። እኔ ወገቤን በገመድ አስሬ ወጣሁ። ከስንጥቁ ፊት ቀድሜ ወርጄ፣ የሚቀደድበት ሳይደርስ በድርብ ክር መንገዱን ዘጋሁበት። አባባ እንዳስተማሩኝ፤ የተቀደደውን ትተሽ ሊቀደድ ያለውን ስፊ ይሉኝ የለም? ስወርድ ካፒቴኑ ኮቱን አውልቆ ደረበልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሮኔስ» ብሎ ይጠራኛል፤ እንደ ወንዶቹ።

አክስቴ፣ በዚህ ጨለማ ስለ ሲቨርት ብዙ አሰብኩ። ወንድሜ የአቆስጣ አዳኞቹን መርከብ ተሳፍሮ በረዶው ውስጥ ከጠፋ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። አባባ መርፌ ያስቀመጡት ከዚያ ወዲህ እንደሆነ፣ የዚያችን መርከብ ትልቁን ሸራ የሰፉትም እሳቸው እንደሆኑ አውቃለሁ። «ስፌቴ ነው የከዳው» ብለው እንደሚያስቡም አውቃለሁ፤ አንድም ቀን ግን አላወሩትም። እኔም አላወራሁም። እኛ ቤት ውስጥ ስለ ስፌት ብቻ ነው የሚወራው።

ዳግኒ

* * *

ሀመርፌስት፣ ሜይ 10 ቀን 1926

ለዳግኒ ልጄ፤

ክረምቱን ያሻገረሽ አምላክ ይመስገን። የፌብሩዋሪው ደብዳቤሽ ትናንት ገባ። ሁለቴ መቁጠርሽን አንብቤ አፈርኩ፤ እንግዲያውስ እውነቱን ልጻፍልሽ።

አባትሽ አያይም። ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። አንቺ ስትሄጂ ጥላ ጥላውን ያይ ነበር፤ አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያል። ወደብ ያልወጣው ተቆጥቶ ነው፤ ይህ አይካድም። ግን ቢወጣስ የትኛዋ መርከብ የአንቺ እንደሆነች በምን ሊያውቅ ነበር? «ለልጅቱ ብትነግሪያት ከዚህ ቤት እወጣለሁ» ስላለኝ ደብቄሽ ነበር። ይኸው ነገርኩሽ፤ እስካሁን አልወጣም።

ትሮምሶ ያለው ሐኪም ሞራውን መግፈፍ ይቻላል ብሏል። የዶክተሩ ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ዓመት ሊሞላው ነው። «ሂድ እንጂ» ስለው «ምን አለና ነው የማየው?» ይለኛል። 

አሁን ግን ስሚ። የነፋሱን ነገር ሳነብለት ወንበሩ ላይ ያንቀላፋ መስሎኝ ነበር። «በገመድ አስሬ ወጣሁ» ያልሽው ጋ ስደርስ ዓይኑን እንደጨፈነ «በምን ቋጠሮ?» አለ። እኔ ምን አውቄ! «እሱን አልጻፈችም» አልኩት። «ዋናውን ነገር ሳትጽፍ ስለ ወጥ ቤቱ እንባ ትጽፋለች» ብሎ ሲነጫነጭ አመሸ። ዳግኒ፣ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲነጫነጭ ሰምቼው አላውቅም። ደስ ብሎኝ ወጥ አሳረርኩ።

ስለ ሲቨርት የጻፍሽውን አላነበብኩለትም። አልደፈርኩም።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ከአየር መርከቧ ልብስ ቁራጭ ካገኘሽ ላኪልኝ። በእጁ ይዳስሰው።

አክስትሽ

* * *

ስፒትስበርገን፣ ሜይ 30 ቀን 1926

ለውድ አክስቴ፤

እግዚአብሔር እውነቱን ስለ ነገሩኝ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ሃንጋሩ ጀርባ ሄጄ ብዙ ቆየሁ። አልተቆጣሁም። አባባ ሰሙን ጠረጴዛው ላይ በዳሰሳ ሲጠቀልሉት ነው የታዩኝ።

ቋጠሮው ድርብ ነው፤ እሳቸው የሚወዱት። ይንገሯቸው።

ቴርና መጥታለች! ከደመና ውስጥ ብር መስላ ወጣች፤ ርዝመቷ ከእኛ መንገድ ይበልጣል። በጸደይ ከመጣው ጋር ሆኖ መቶ ሰው ገመዷን ይዞ ጎትቶ አስገባት። ልብሷ ጥጥ ነው፣ በመካከሉ ጎማ የተቀባ። ቁራጩን ከዚህ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ለአባባ ሲሰጧቸው ይህን ይንገሯቸው፦ ሁለት ሞተሮች ግራና ቀኝ ከሆዷ ሥር ተንጠልጥለዋል፤ ውልብልቢታቸው ሲሽከረከር ከልብሷ የሚርቀው የአንድ ሰው ቁመት ያህል ነው። በውስጧ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሰው እየዳኸ የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ አለ።

ከእሷ ጋር የመጣው፣ ልብሷን የሚጠግነው ጣልያናዊ ኤርኮሌ ይባላል። በቋንቋ አንግባባም፤ በስፌት እንግባባለን። የሚያሳዝነው ባለፈው ማክሰኞ ከመሰላል ወድቆ የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ።

የሲቨርትን የሱፍ የውስጥ ሱሪ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል፤ ወፍራሙን። ከአጋዘን ቆዳ የተሠራውን ጫማውንም፤ ምስማር የሌለው መሆኑን ይዩልኝ። እዚህ አልፎ አልፎ ይበርዳል።

ዳግኒ

* * *

ሀመርፌስት፣ ጁን 9 ቀን 1926

ዳግኒ፤

ሰላምታዬን ከታች ታገኚዋለሽ፤ መጀመሪያ ልቆጣ።

በጁን ወር ወፍራም የሱፍ ሱሪ! ምስማር የሌለው ጫማ! ሞኝ መሰልኩሽ? ምስማር እሳት እንዳይጭር ነው፤ ጋዙ እንዳይነድ። ጋዜጣው ጽፎታል። ልትበሪ ነው። እጁ የተሰበረውን ሰውዬ ስታነሺልኝ እኮ ደብዳቤውን ሳልጨርስ ገባኝ። እኔ ልጅ አልወለድኩም፤ ያሳደግኩት አንቺንና ሲቨርትን ነው። አንዱን በረዶ ወሰደው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለአባትሽ ሱሪውን ትቼ ሌላውን አነበብኩለት። ጨርቁን ያዘ። በጣቱ አሸው፣ በጥርሱ ነከሰው፣ ጆሮው ሥር አድርጎ ጎተተው። ምሳ አልበላም። ከሰዓት በኋላ «ኦሉፊኔ፣ ወረቀት አምጪ» አለኝ። የሚከተለው የእሱ ቃል ነው፤ አንድም አልጨመርኩበት፦

«በክረምት ጭጋግ ውስጥ የመርከብ ገመድ በረዶ እንደሚጋገርበት ታውቃለች። ነፋስ ሲያወዛውዘው በረዶው ተሰብሮ እየተወረወረ ሸራ ይበሳል፤ ስንቱን ሰፍቻለሁ። ይሄም ውልብልቢት ጭጋግ ውስጥ በረዶ ይጋገርበታል። እንደ ወንጭፍ ነው የሚወረውረው። ይሄ ጨርቅ ጥሩ ነው፣ ግን ስስ ነው፤ አይችለውም። ከውልብልቢቶቹ ትይዩ ግራና ቀኝ ወፍራም ሸራ ትደርብበት። አትስፋው፤ መርፌ የነካው ሁሉ ጋዝ ያፈሳል። በጎማ ሙጫ ታጣብቀው፣ ጠርዙን በድርብ ሙጫ።»

 ቆይቶ «የሲቨርትን ሱሪ ላኪላት» አለኝ። ሱሪውን እኮ አላነበብኩለትም! «ምኑን?» አልኩት። «የሲቨርት ሳጥን ሲከፈት የሚሰማኝ በጆሮዬ ነው» አለ።

ሙጫ ለማድረቅ ጊዜ እንዲኖርሽ የሸራውን ነገር ዛሬውኑ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ሱሪው ከዚህ ጋር ነው። ሰላምታዬም ይኸው፤ የሰማዩ ጌታ በሰማዩ ላይ ይጠብቅሽ።

ኦሉፊኔ

* * *

ስፒትስበርገን፣ ጁን 21 ቀን 1926

ለውድ አክስቴ፤

በአጭሩ እጽፋለሁ፤ የከሰል መርከቡ ሊወጣ ነው። ሱሪውም ቴሌግራሙም ደርሶኛል። ስለደበቅኩዎት ይቅር ይበሉኝ።

ካፒቴኑ መጀመሪያ «ሴት ይዤ አልበርም» ብሎ ነበር። ኤርኮሌ የታሰረ እጁን እያወዛወዘ በጣልያንኛ ጮኸበት፤ አስተርጓሚው «እንግዲያው ስትቀደድ ካፒቴኑ ይስፏት ነው የሚለው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ካፒቴኑም ሳቀና ነገሩ በዚያው አለቀ።

የአባባን ሸራ ለማስደረብ ግን ሳቅ አልበቃም። «ሠላሳ አምስት ኪሎ! ከየት አምጥቼ?» አለ። የሚጫነውን ዕቃ ዝርዝር ተቀብዬ አየሁት። ለድል ቀን የተያዘ አንድ ሳጥን የወይን ጠርሙስና የብር ብርጭቆ አለበት። ጣቴን እዚያ ላይ አሳረፍኩ። ረጅም ጊዜ አየኝ። «ይህን ሸራ የመከረ ሰው ማነው?» አለ። «መጀመሪያ የጠሩት ሰው ነው» አልኩት። ሳጥኑ ወረደ። ሸራው አምስት ቀን ደርቋል።

ጭጋጉ ከገለጠ ከነገ ወዲያ ነው። ሰባት ሰዎች ነን። አባባን በእኔ ስም ግንባራቸውን ይሳሙልኝ፤ ቢነጫነጩም ይሳሟቸው።

ዳግኒ

* * *

ሀመርፌስት፣ ጁን 25 ቀን 1926

ልጄ፤

ይህን ለማን እንደምጽፍ አላውቅም፤ ግን እጄ ሥራ ካልያዘ አልችልም።

ትናንትና በጠዋት ጋዜጣው መነሳታችሁን ጻፈ። የቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ እሳት ባሕር ዳር ሲነድ እናንተ በረዶው ላይ ነበራችሁ። ሌሊቱን እንደ ቀን ፀሐይ ነበረ፤ አባትሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ሰሜን አዞረ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቴሌግራፍ ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ከቴርና ሬዲዮ ድምፅ ከተሰማ ሠላሳ ሰዓት አልፏል ይላል።

ለአባትሽ ምን ብዬ ልንገረው ብዬ ስገባ «ስንት ሰዓት ሆናቸው?» አለኝ። ዋሸሁት፤ «አሥር» አልኩ። «ኦሉፊኔ፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ሰዉ በመስኮቴ ሥር እያወራ ነው የሚያልፈው» አለ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ ሲቨርት የጻፍሽውን፣ በሜይ ያላነበብኩለትን፣ አወጣሁና አነበብኩለት። ዛሬ ካላነበብኩለት መቼ?  «ታውቅ ነበር?» አለ። «ሁላችንም እናውቅ ነበር» አልኩት። «ታዲያ ለምን ማንም አንድ ቃል አልነገረኝም?» አለ። «አንተስ ነገርከን?» አልኩት።

ተቃቅፈን ተቀመጥን፤ እኔና ወንድሜ፣ ሁለት ሽማግሌዎች። ልጆች ሳለን ከጣሪያ የወደቅን ጊዜ ካልሆነ እንዲህ ተያይዘን አናውቅም።

የቴሌግራፍ ቤቱ ሹም ራሱ እየመጣ ነው። ባርኔጣውን አላደረገም። ሮጦ ነው የሚመጣው። ዳግኒ፣ አምላኬ፣

ተመልሳችኋል። «ሁሉም ደህና። ሸራው ያዘ። ዳግኒ።» ሹሙ በር ላይ ሆኖ ጮኾ አነበበው። አባትሽ ሦስት ጊዜ አስደገመው። ከዚያ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? «የቱ ሸራ? ግራው ወይስ ቀኙ?»

* * *

ስፒትስበርገን፣ ጁላይ 4 ቀን 1926

ለውድ አክስቴና ለውድ አባባ፤

በሁለታችሁም ስም የምጽፈው የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነው። ሰላምታዬ ቤቱን ይሙላው። እኔ ደህና ነኝ። የሁለት ጣቶቼን ጫፍ ብርድ ነክቷቸዋል፤ ሐኪሙ ይድናሉ ብሏል።

መጀመሪያ ለአባባ መልስ፦ ሁለቱም ይዘዋል፤ የተጎዳው ግራው ነው።

አሥራ አራት ሰዓት ያህል ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ ጭጋግ ውስጥ ገባን፤ ሁሉም ነገር በረዶ መልበስ ጀመረ። የሬዲዮው ገመድ እንደ ክንድ ወፈረና ተበጠሰ፤ ዝም ያልነው ለዚህ ነው። ከዚያ አባባ ያሉት መጣ። «ጧ!» የሚል ድምፅ፤ ጥይት የተተኮሰ መሰለን። መካኒኩ «ምንድን ነው?» ሲል «አባቴ ናቸው» አልኩት፤ ያበድኩ መሰለው። ውልብልቢቱ በረዶውን ይወረውራል፣ ሸራው ይቀበላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ካፒቴኑ በተመታ ቁጥር ያየኛል፤ እኔ በተመታ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

በሦስተኛው ሰዓት አንዱ ስባሪ ከሸራው በላይ አለፈና ስሱን ልብስ ክንድ በሚያህል ቀደደው። ጋዙ ሲፈስ ይሰማል። በጠባቡ መንገድ በደረቴ ዳኸሁ፤ መካኒኩ ከኋላ ቀበቶዬን ይዞኛል። ሙጫው በብርድ ጠጥሮ ድንጋይ ሆኗል። ቆርቆሮውን ብብቴ ሥር ከትቼ እስኪለዝብ ጠበቅኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ነገር አላየሁም። በጓንት መርፌ መያዝ ስለማይቻል አውልቄው ሰፋሁ። ጋዙ ሽታ የለውም፤ ግን ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍ ያመጣል። መካኒኩ እንዳልተኛ ከኋላዬ ስለ እናቱ ፍየሎች ይነግረኛል፤ የእያንዳንዷን ስም። ሰባተኛዋ ፍየል ላይ ቀዳዳው ተዘጋ። በላዩ ቁራጭ አጣብቄ በመዳፌ ተጭኜ ቆየሁ፤ ጣቶቼን ብርድ የነካቸው እዚያ ነው።

ስመለስ ጭጋጉ ተገልጦ ነበር። ካፒቴኑ መስኮቱ ጋ ጠራኝ። «እዚህ መሬት አለ ይባል ነበር። የለም። ባዶውን ቦታ በበረዶ እንሞላዋለን፤ ይህም ዜና ነው» አለና የመመለሻውን አቅጣጫ ሰጠ።

አባባ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለእርስዎ ብቻ ነው የምጽፈው። ስንመለስ የሲቨርት መርከብ የጠፋችበትን በረዶ ከላይ አየሁት። ከመስኮቱ ሳልነሳ ሦስት ሰዓት ፈለግኩ። ምሰሶም፣ ሳንቃም፣ ምንም የለም። ያየሁትን ግን ልንገርዎ። በረዶው ይራመዳል። ሁለት ሜዳ የሚያህሉ በረዶዎች ሲጋጠሙ ጠርዛቸው ተነስቶ የቤት ያህል ይቆለላል። በመካከላቸው ጠባብ የውኃ መንገድ ነበር፤ እያየሁት ተዘጋ። አንድ ጸሎት በሚያደርሱበት ጊዜ ውስጥ፣ ድምፁ እኛ ዘንድ ሳይደርስ። እዚያ መንገድ ውስጥ የገባችን መርከብ የሚሰብራት ከጎንና ከጎን ነው። ሸራዋ አዲስ ይሁን አሮጌ፣ ስፌቱ ነጠላ ይሁን ድርብ፣ በረዶው አይጠይቅም። የእርስዎ ሸራ ሲቨርትን እስከ መጨረሻው ሰዓት ወስዶታል እንጂ አልከዳውም። ከሰማይ ሆኜ በዓይኔ አይቼ ነው የምነግርዎ። የእርስዎ ሸራ ሰባት ሰው አድኗል፤ አንዷ እኔ ነኝ።

ሌላም ነገር አለ። ቴርና የተሠራችበት የጣልያን ፋብሪካ ከእሷ የምትበልጥ እየጀመረ ነው። ኤርኮሌ ስለ እኔ ጽፎላቸው ለአንድ ዓመት እንድመጣ ጠይቀውኛል። ባለፈው ጊዜ ሳላስፈቅድ ነው የወጣሁት። አሁን ፈቃድዎን እጠይቃለሁ፤ አይሆንም ካሉ እቀራለሁ።

በኦገስት መጨረሻ በትሮምሶ በሚያልፈው መርከብ እመለሳለሁ።

ልጃችሁ ዳግኒ

* * *

ትሮምሶ፣ ኦገስት 20 ቀን 1926

ለልጄ ለዳግኒ፤

ጣቶችሽን ያዳነ አምላክ እኛንም አልረሳንም። የምጽፍልሽ ከየት እንደሆነ ከላይ አይተሻል፤ ልቅደምሽ፣ ማንም አልሞተም።

ደብዳቤሽን በጁላይ አነበብኩለት። «ለእርስዎ ብቻ» ያልሽውን ክፍል ጮክ ብዬ ማንበብ ከበደኝ፤ እያቋረጥኩ ጨረስኩት። አንድ ቀን ሙሉ የስፌት ክፍሉ ውስጥ በሩን ዘግቶ ዋለ። ምን ይሆን ብዬ በቀዳዳ አየሁ። የሲቨርትን ስም እየጠራ ያለቅሳል፤ ጮኾ፣ እንደ ሰው፣ እንደሚገባው። አራት ዓመት የቆየ ለቅሶ ነው፤ አልገባሁበትም። በማግስቱ ቁርሱን በልቶ «ያንን የዶክተሩን ወረቀት ጥለሽዋል?» አለኝ። መሳቢያው ጋ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ጉልበቴ እንኳ አልተሳደበም።

ቀኙን ዓይኑን ባለፈው ሳምንት ገፈፉለት። ግራው በጸደይ ይሆናል። ስድስት ቀን በጀርባው ተኝቶ ራሱን ሳይነቀንቅ እንዲቆይ ታዘዘ፤ ነርሶቹ ገድሎን ነበር ይላሉ። ትናንት ፋሻውን ፈቱለትና እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር አደረጉለት። መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ብዙ አየኝ። «ኦሉፊኔ፣ መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?» አለ። «አንተ ሳታይ» አልኩት። ሳቀ፤ ሐኪሙ ስፌቱ እንዳይፈታ አትሳቅ ብሎ ተቆጣው። «ማን ነው የሰፋው? አሳዩኝ» አለ አባትሽ። መስታወት እስኪያመጡለት ድረስ አልተዋቸውም።

ዛሬ መስኮቱ ጋ አስቀምጠውታል። ወደቡ ከታች ነው፤ የሚገባውን የሚወጣውን ጀልባ ሸራ ሁሉ ይተቻል። ይሄ ጠማማ፣ ያ የልጅ ሥራ፣ ያኛውን ማን አባቱ ሰፋው። አንዱ ጀልባ የአልጋ ጎረቤቱ የዓሣ አጥማጁ ሆኖ ተገኘና ተጣልተዋል። አሁን ካርታ እየተጫወቱ ነው።

መርከብሽ ኦገስት 30 ቀን ይገባል ብለውናል። ሁለታችንም እንጠብቅሻለን።

ፈቃድ የጠየቅሽውን በተመለከተ፣ መልሱን ራሴ እጽፋለሁ ብሎ እርሳስ ያዘና መስመሩ ተደራረበበት፤ ገና ርቀቱን አልለመደውም። ተናዶ ለእኔ መለሰልኝ። ቃሉ ይህ ነው፦ ሂጂ ብሎሻል። ግን መጀመሪያ ፋብሪካውን ጠይቂልኝ አለ፤ በመነጽር የሚያይ፣ የስድሳ አራት ዓመት ሸራ ሰፊ ይቀጥሩ እንደሆነ።

እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

አክስትሽ ኦሉፊኔ